ስልኩን የምደውለው እኔ ነበርኩ

(ቦሌ አራብሳ፣ በወጣት ማዕከል አዳራሽ፣ በአካባቢው ፋብሪካዎች ለሚሠሩ የሠራተኛ ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ።

እሁድ ነው። ብዙዎቻችሁ በሳምንት ያለቻችሁ ቀን ይቺው ናት። ልብስ ይታጠብባታል፣ ፀጉር ይሠራባታል፣ እንቅልፍ ይከፈልባታል። እሷን ትታችሁ መጥታችሁ ሳይ ትንሽ ከብዶኛል። ስለዚህ አላንዛዛም።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጎረቤቴ ናት። እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ አራተኛ። አንድ ማታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። ሹራቧ ላይ ነጭ ክር ተለጣጥፏል። «ምነው ልጄ?» አልኳት። «ለመውጣት ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው እትዬ» አለችኝ። ሦስት ሰዓት አልፏል። ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል የወጣች ልጅ ናት። ምን አስመሸሽ ስላት «ኦቨርታይም። እኔ እምቢ ብል ሌላዋ ትገባበታለች» አለች።

ይቺን ቃል አውቃታለሁ። በፊት የሰማኋት ግን ከልብስ ሰፊ አይደለም። ትልቅ ቤት፣ ሁለት መኪና ካለው ካፒቴን ነው።

ለ19 ዓመት አሜሪካ አገር አንድ አየር መንገድ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር። ሆስተስ አልነበርኩም። ፓይለትም አይደለሁም፤ እንኳን ላበር መስኮት አጠገብ መቀመጥም አልወድ። ሥራዬ ፓይለት መመደብ ነበር። ማን የትኛውን በረራ ይዞ ይወጣል፣ ማን ታመመ፣ በማን ይተካ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደውላ ሰው የምትቀሰቅሰው ሴትዮ እኔ ነበርኩ። (የአሜሪካውን ነገር ሳወራ የምጠራው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ።)

የፓይለት ክፍያ እዚያ እንደ ቢሮ ሠራተኛ አይደለም፤ በአብዛኛው በሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ነው። ደርሶ ሲቆም ቆጠራውም ይቆማል። ኤርፖርት ገብቶ ወረቀት ሲያይ፣ ጭጋግ እስኪገፍ ሲጠብቅ ያለው ጊዜ ባብዛኛው በነጻ ነው። በወር ደግሞ ዋስትና አለው። እኛ ጋ 75 ሰዓት ገደማ ነበር። ቢበርም ባይበርም ያችን ያገኛል። ከዚያ በላይ ሰው ያልተገኘለት በረራ ሲኖር እንደ ኦቨርታይም ይወጣል። ጊዜው ከጠበበ በአንድ ተኩል፣ አንዳንዴም በእጥፍ ይከፈላል።

እንግዲህ በዝርዝሬ ላይ አንድ ካፒቴን ነበር። በልቤ «አቶ እሺ» ነበር የምለው። ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ያነሳል። አንዴ ሚስቱ አነሳችና «ተኝቷል» አለችኝ። ከኋላዋ ድምፁ መጣ፦ «በስንት ሰዓት ነው በያት!»

እወደው ነበር። ለምን አልወደው? ሥራዬን ያቀልልኛል። ሌላው አሥር ሰበብ ሲደረድር እሱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አንድ ወር በሰው እጥረት አንድም በረራ ሳይሰረዝ ቀረና ክፍላችን ሰርተፍኬት ተሰጠው። ኬክም ተቆረሰ። ያንን ሰርተፍኬት ያመጣልን እኮ አቶ እሺና እሱን የመሰሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ የ2001 መስከረም መጣ። ሽብሩን ታስታውሳላችሁ፤ ያልተወለዳችሁም ሰምታችኋል። ሰው አውሮፕላን ፈራ። የአሜሪካ አየር መንገዶች በሺዎች የሚቆጠሩ ፓይለቶችን ቀነሱ። ቅነሳው በተራ ቁጥር ነው። መጨረሻ የተቀጠረ መጀመሪያ ይወጣል። ሥራ ሲመለስ ደግሞ ከወጡት ውስጥ ቀድሞ የተቀጠረው ቀድሞ ይጠራል። ሰውየው ጎበዝም ይሁን ሰነፍ ቁጥሩ ነው የሚያወራው።

ከተቀነሱት አንዱ ወጣት ረዳት ፓይለት ነበር። በየዓርቡ ይደውልልኛል። ዕቃ የሚያደርስ መኪና ይነዳ ስለነበር ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማኛል። ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። «ከፊቴ ስንት ሰው ቀረ?» ሦስት እለዋለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት። በሚቀጥለውም ሦስት። «አይዞህ» እያልኩ እዘጋለሁ። ዘግቼ ምን አደርጋለሁ? ለአቶ እሺ እደውላለሁ።

ለብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ስልኮች በልቤ አላገናኘኋቸውም። እውነቴን ነው። አንዱ የሥራ ስልክ፣ አንዱ የደግነት ስልክ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን በረራ የለም፣ ሥራ ፈትቻለሁ። ካልኩሌተር አወጣሁ። የዚያን ወር ኦቨርታይም ሰዓት በሙሉ ደመርኩ። ለ75 አካፈልኩት።

ስድስት ወጣ።

ስድስት ሰው። ልጁ በተራው አራተኛ ነበር።

ሥራው አልጠፋም ነበር ማለት ነው። በሌሎች ኪስ ውስጥ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዱ አሥር ሰዓት፣ አንዱ አሥራ አምስት ሰዓት ወስዷል። ማንም የሰው እንጀራ የነጠቀ አይመስለውም። «አንዲት በረራ ብቻ» ነዋ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? (ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ቆሜ ስለ ሎሚ አወራሁ፤ ይቅርታ።) እኛ ጋ ግን የሰው ሸክም ነው እንደ ሎሚ የተከፋፈለው። የተሸከመው ሁሉ ጌጥ መሰለው።

አቶ እሺን ስግብግብ አድርጌ እንዳልስልባችሁ። በእነዚያ ዓመታት ኪሳራ ያወጁ አየር መንገዶች ነበሩ። ከመካከላቸውም የፓይለቶቻቸውን ጡረታ በፍርድ ቤት በኩል ያቋረጡ አሉ። ዕድሜ ልኩን የቆጠበው ሰው በ55 ዓመቱ ባዶ ቀረ። ልጅ ኮሌጅ አለ፣ የቤት ዕዳ አለ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ስልኩን አነሳ ነበር። ኩባንያውስ? እሱም ሒሳቡን ነው የሠራው። አዲስ ሰው ማሠልጠን ወራት ይፈጃል። ኢንሹራንስ አለ፣ ጡረታ አለ። ላለው ሰው አንድ ተኩል መክፈል ይረክሳል። ሁሉም ትክክል ነው። ልጁ ግን መኪናው ውስጥ ነው።

እዚህ አገር ብዙ ሰው ያልሰማውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2000፣ እዚያ በጋ እዚህ ክረምት በሆነበት ወቅት፣ የዩናይትድ አየር መንገድ ፓይለቶች በደመወዝ ድርድር ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ኦቨርታይም አንበርም አሉ። ሥራ አላቆሙም፤ የተመደቡትን ይበራሉ፤ ትርፉን ብቻ ተዉ። በዚያ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር በረራ ተሰረዘ። ተመልከቱ እንግዲህ። ያን የሚያህል ኩባንያ የበረራ ፕሮግራሙን የዘረጋው በሰው እረፍት ላይ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የሌላው አየር መንገድ፣ የዴልታ ፓይለቶችም ወደዚያው ሄዱ። የእነሱ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2001 የፓይለቶቹ ማኅበር ዘመቻውን እንዲያስቆም አዘዘ። በእነሱ ሕግ አንድ ሰው ለራሱ እምቢ ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ በድርድር መሀል ተማክሮ እምቢ ማለት ሌላ ነገር ነው። ይሄ የእነሱ ሕግ ነው። እናንተ የእኛን አገር ሕግ አዋቂ ጠይቁ። ከእኔ ሰምታችሁ ነገ አድማ እንዳትመቱ።

የድካሙን ነገርም ልለፍበት። ብዙ አልቆይም፤ ድካምን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰው 17 ሰዓት ነቅቶ ከቆየ ንቃቱ ትንሽ አልኮል እንደጠጣ ሰው እንደሚወርድ በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለሰውነት ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ነው። የካቲት 2009 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት የካፒቴኑን የተሳሳተ እርምጃ ነው። ግን ሌላም ነገር ወጣ። ረዳቷ ከአደጋው በፊት የነበረውን ሌሊት በሙሉ በተሳፋሪነት አገር አቋርጣ ነበር የመጣችው። ካፒቴኑ ያደረው ኤርፖርት፣ የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። ከ2014 ጀምሮ በሥራ መካከል ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት ግዴታ ሆነ። ከዚያ ውስጥ 8ቱ የእንቅልፍ ዕድል ነው። በዓመት ከ1,000 ሰዓት በላይ መብረር አይቻልም። ፓይለቱ «ለሥራ ብቁ ነኝ» ብሎ ያረጋግጣል፤ ደክሞኛል ካለ አይበርም። ዕቃ ብቻ የሚጭኑት ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ቀሩ። ካርቶን የጫነ ፓይለት እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ።

ከሕጉ ይልቅ እኔ የማልረሳው አንዲት ረዳት ፓይለት ያለችኝን ነው። ከአቶ እሺ ጋር ለአራተኛ ቀን የተመደበች ናት። ወርዳ ደወለችልኝ። «እኔ ስምንት ሰዓት ተኝቼ ነው የመጣሁት። ዛሬ ግን የሁለት ሰው ሥራ ሠራሁ» አለችኝ። ሬዲዮውን እሷ፣ ቼክሊስቱን እሷ፣ እሱ ሲያንጎላጅ ቀና የምታደርገውም እሷ። ኦቨርታይሙ የተከፈለው ለእሱ ነው። የእሷ በየትኛው ወረቀት ላይ ይጻፍ?

እምቢ የሚሉትም ነበሩ። ልጅ አላቸው፣ እናት ያስታምማሉ፣ ወይ ዝም ብለው መተኛት ይፈልጋሉ። እኛ ቢሮ ውስጥ «አስቸጋሪ» ነበር የምንላቸው። ምን አጠፉ? ምንም። በውላቸው የተጻፈውን ሠርተው ቤታቸው ገቡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ እሺ ሲል ግን ውል ያከበረው ሰው ሰነፍ ይመስላል። ይሄን ስም ከሰጡት አንዷ እኔ ነኝ። አፍራለሁ።

አሁን ወደ እናንተ። የሰብሳቢያችሁን ደረጃ ላይ መቀመጥ ካየሁ ወዲህ አንዳንዶቻችሁን ጠያይቄያለሁ። ከእናንተ መሀል የሚያጠባ ልጅ ያላት አለች፤ ስም አልጠራም። 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ቦርሳዋን ስታነሳ ሙሉው መስመር ቀና ብሎ እንደሚያያት ነገረችኝ። ማንም አይናገራትም። ማሽኑ ግን ለአንድ አፍታ ዝም ይላል። «ያቺ ዝምታ ናት የምትገለኝ» አለችኝ።

ሌላዋ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነጻ ገበያ፣ ስትወጣ ከሥራ የተቀነሰች ናት። እስካሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ታያለች። እናንተ በሰርቪስ ስታልፉ እጇን ታወዛውዛለች። ስለ አሜሪካው ልጅ ስነግራት ሳቀች። «እኔ ከፊቴ ስንት ሰው እንዳለ እንኳን የሚነግረኝ የለም» አለችኝ።

ሕጋችንን አንብቤያለሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ቀን ከሆነ በአንድ ተኩል፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ በአንድ ከሰባ አምስት፣ በሳምንት እረፍት ቀን በሁለት፣ በበዓል በሁለት ተኩል ይከፈላል። ይሄን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብር ስላለበት። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። አዋጁ ኦቨርታይምን የዘወትር ወጥ አላደረገውም። አሠሪው ሌላ መላ ሲያጣ፣ አደጋ ሲኖር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲደርስ፣ መቆም በማይችል ሥራ ላይ የቀረ ሰው ለመተካት ነው የፈቀደው። በየቀኑ የሚደርስ አስቸኳይ ሥራ ግን አስቸኳይ አይደለም። የሰው እጥረት ነው።

ኦቨርታይም ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። የቤት ኪራይ ምን እንደደረሰ አውቃለሁ። ጤፍ እኔም እገዛለሁ። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይታ ለእናቷ ብር የምትልክ ልጅ «እንቢ በይ» ብላት ነውር ነው። በጡረታ ዶላር የምትኖር ሴት ለዚህ አፍ የላትም።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ቁጠሩት። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያውቃል፤ ደሞዝ ወረቀቱ ላይ አለ። የሁላችሁን አንድ ላይ የደመረው ግን ማን ነው? እኔ የደመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ደምሬም ለማንም አላሳየሁ። ሰርተፍኬቱ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ኬኩም ጣፍጦኝ ነበር። ልጁ በመጨረሻ ተራው ደረሰና ደወልኩለት። አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ ብሎ አመሰገነኝ። ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

ይሄው ደብተር ገዝቼ መጥቻለሁ። ባለ 50 ሉክ ነው። መስመሩን ትናንት ማታ አስምሬዋለሁ፤ ቀን፣ የሥራ ክፍል፣ ሰዓት። ስም አይጻፍም። ሰብሳቢዋ ጋ ይቀመጣል። ወር ሲሞላ እዚሁ እንገናኝና እንደምረዋለን፤ ካልኩሌተሩን እኔ አመጣለሁ። በሳምንት መደበኛው ሰዓት 48፣ በአራት ሳምንት 192 ስለሆነ ማካፈሉ ከባድ አይደለም። የሚወጣውን ቁጥር ማኅበሩ ይዞ ወደ አሠሪ ይገባል። ስንት ሰው እንደሚወጣ እኔም አላውቅም።

ካለፈው ሳምንት እንጀምር። ሐሙስ ማታ ያመሸ ማን ነው? እጅ አውጡ። እስክሪብቶ ያለው ሰው አለ?