አበል የሌለው ሥልጠና፦ በወሎ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

እንኳን በደህና መጣችሁ። ሼሁም ቄሱም እንደ ወሎ ወግ መርቀውናልና በምስጋና ብዙ አልቆይም። አዳራሹን ያለ ኪራይ የሰጡንን፣ ከላሊበላ፣ ከወልድያና ከመካነ ሰላም ሌሊት ተነሥታችሁ ደሴ የገባችሁትን፣ ከማለዳ ጀምሮ ቡና ያፈሉልንን እናቶች አመሰግናለሁ። ከዚህ ቦታ የሚናገር ሰው የሐይቅ እስጢፋኖስን ወይም የመቅደላን መጻሕፍት ሳያነሣ ወርዶ አያውቅም። ዘንድሮ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ለአንድ ጉዳይ ስለሚያስፈልገኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርበዋል። ሁለት ሥልጠና ሰጥተናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ኮምፒውተር ለተዘረፈባቸው ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አፈላልገን አድርሰናል፤ በዚህ ሥራ እኮራለሁ። የካታሎግ፣ ማለትም የመጻሕፍት መዝገብ፣ አጻጻፍ መመሪያም አርቅቀናል። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው፣ ማለትም ሥልጠናው ነው።

የመጀመሪያው ሥልጠና በኮሃ ላይ የተሰጠው ነበር። ኮሃ በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ መጻሕፍትን ለመመዝገብ፣ ለማዋስና ለመፈለግ የሚያገለግል፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው። ስሙ ራሱ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ስጦታ ቢሆንም ሰርቨር፣ የማይቆራረጥ መብራትና ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። ያንን ሰው ለማፍራት ለአምስት ቀን ሃያ ወንበር አዘጋጀን፤ የጥሪ ደብዳቤውም ላይ ምሳና ሻይ እንጂ የውሎ አበል እንደሌለ በግልጽ ጻፍን። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰው ተገኘ። ከሰባቱ አንዱ በአለቃው ተወክሎ የመጣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲሆን፣ ካታሎግ ምን እንደሆነ ጠይቆን በትሕትና አዳምጦ በማግሥቱ ቀረ። በእርሱ አልፈርድም፤ የፈረድኩት በላኩት ላይ ነው።

ይህን ስናገር አበልን እንደ ነውር ቆጥሬው አይደለም። በዛሬው የኑሮ ውድነት ከመካነ ሰላም ደሴ ተመላልሶ አምስት ሌሊት ማደር በአንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ እንደማይቻል እኔም ደመወዝተኛ ነኝና አውቃለሁ። ለሩቅ አባላት የትራንስፖርት ገንዘብ ለማፈላለግ ሦስት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገብተን ከአንዱም መልስ አላገኘንም፤ ይህ የሥራ አስፈጻሚው ጉድለት ነውና እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ በባጃጅ መጥታችሁ ወንበሩን መሙላት ትችሉ የነበራችሁትን የደሴ አባላት ምክንያት ነው። ስልክ ደውዬ ስጠይቅ የተመለሰልኝ መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሰብሳቢ፣ ሰርተፍኬት አለው እንዴ?»

አብዛኞቻችን ወደዚህ ሙያ የገባንበት መንገድ እንደሚታወቅ አልዘነጋም። በየትምህርት ቤቱ ከርእሰ መምህሩ ጋር የተጋጨ ወይም ጤናው የታወከ መምህር ቤተ መጻሕፍት ይመደባል፤ ቦታው የቅጣት ወይም የማረፊያ ቦታ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ስንማረር ኖረናል። ሥልጠና ሲጠራ ግን ሙያችን መሆኑን የምናሳይበትን ቀን ራሳችን ባዶ እናደርገዋለን።

ለምን ይህን ያህል እንደምቆጭ በአንድ አጋጣሚ ላስረዳ። ባለፈው ኅዳር በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያስረዳ መጽሐፍ ፈልጋ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። በስልኳ እንደለመደችው «ጸሀይ ሀይል» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ምንም አልተገኘም አለ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ምንም የለም። «የላችሁም ማለት ነው» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። መጽሐፉ ከጀርባዋ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባው ላይ በቀይ «የፀሐይ ኃይል» ተጽፎበት ቆሞ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋት፤ እርሷ አመሰገነች፣ እኔ ግን አፈርኩ።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ጸ እና ፀ ሁለት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ደግሞ ስድስት። በእነዚህ ብቻ «ፀሐይ ኃይል» የሚለው ሐረግ በ72 ዓይነት አጻጻፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ለሰው ጆሮ ሁሉም አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ግን 72 የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ይህን እንዲያውቁልን መጠበቅ አንችልም። ሁለተኛው ሥልጠናና ረቂቅ መመሪያው ያተኮሩት በዚሁ ላይ ነበር፤ የዓመቱ ትልቁ ጠብም የተነሣው ከዚሁ ነው።

አንዱ ወገን የግእዙን ሥርዓት ጠብቀን ሠራዊትን በ«ሠ»፣ ሰላምን በ«ሰ» እንጻፍ፣ አንባቢው ይልመድ ይላል። ሌላው ወገን ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ እንሰብስብ ይላል። ስብሰባው ሁለት ጊዜ በቁጣ ተበተነ፤ ሦስተኛው በቡና ባይበርድ ኖሮ ማኅበሩም ለሁለት በተከፈለ ነበር። የሚያስቆጨው ሁለቱም ወገኖች በሥልጠናው ቢገኙ ኖሮ መልሱን በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በፊት ይሰሙት እንደነበረ ነው። ርእሱ በርእስ ገጹ ላይ እንደታተመ አንድ ፊደል ሳይነካ ይመዘገባል፤ ወደ አንድ ፊደል የተሰበሰበው አጻጻፍ ደግሞ በኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ ለተለዋጭ ርእስ በተመደበው ቦታ፣ በቁጥር 246 መስክ ይገባል፤ ፈላጊውም ሲጽፍ የሚጠቀምበት አንዱ ፊደል የትኛው እንደሆነ በኮምፒውተሩ አጠገብ ይለጠፍለታል። የሊቁም የተማሪዋም አጻጻፍ በአንድ መዝገብ ይኖራሉ ማለት ነው። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው፤ ደራሲው በሚመዘገብበት በ100 መስክ የመጀመሪያውን አመልካች፣ ማለትም የስሙን ዓይነት ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን አኃዝ፣ ዜሮ ካላደረግነው ፕሮግራሙ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥርና ደራሲውን ትቶ መጽሐፉን ለአባቱ ያስረክበዋል።

ሐይቅን ያነሣሁት ለዚህ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ከቅዱስ ጽሑፉ ሌላ፣ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር በገጾቹ ላይ ይዟል። ያለንን በስም ቆጥሮ መመዝገብ ለወሎ እንግዳ ሥራ አልነበረም። ያ ወንጌል ኋላ በማይክሮፊልም ተነሥቶ በዓለም ዳርቻ ላለ ተመራማሪ ሊደርስ የቻለው በዘመኑ መሣሪያ መሥራት የሚችል ባለሙያ ስለነበረ ነው። እኛ ግን በዝርዝሩ እየኮራን የራሳችንን ዝርዝር ሳናጠራ ተቀምጠናል።

ተገልጋዩ ደግሞ አይጠብቀንም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ልምምድ ፍለጋ ወደ እኛ ይመጣል። ፓስፖርት በኦንላይን ለማመልከት ፎርም የምታስሞላ ወጣትም ትመጣለች፤ ትክክለኛውን ገጽ የምናሳያት እኛ ካልሆንን ከበሩ ውጭ የሚጠብቃት ደላላ ነው። ይህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ አይደለም የሚል አባል እንዳለ አውቃለሁ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሆንም በዚህ ላይ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

ስማቸውን የማልጠራቸው አባላት ይህን ንግግር ዛሬ ማታ በቴሌግራም ቡድናችን ያገኙታል። በሕዝብ ፊት መውቀስ አልወድም፤ ብዙዎቻችሁ ካርድ ካታሎግ ያስተማራችሁኝ ታላላቆቼ ናችሁና ወቀሳው ለእኔም ይከብደኛል። ነገር ግን ረቂቅ መመሪያውን አንብባችሁ አስተያየት እንድትሰጡ ለሁላችሁም ልከን መልስ የሰጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷም ጡረታ የወጣች ናት። መመሪያው ከምሳ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል። ቀጣዩ ሥልጠና ደግሞ በየካቲት ነው፤ የአምስቱን ቀን ትምህርት ወደ ሁለት ቅዳሜዎች አሳጥረነዋል፣ ለሩቅ አባላት ማደሪያ በአባላት ቤት ለመስጠት አስበናል። እኔ ሁለት ሰው እቀበላለሁ፤ የደሴ አባላት ስንት ሰው እንደምትቀበሉ ዛሬ ስማችሁን አስመዝግቡልን።

ከዚህ በፊት ግን በደንባችን መሠረት ምልዓተ ጉባኤ መሟላት አለበት። ፊት ለፊቴ የሚታዩኝን ባዶ ወንበሮች ስመለከት እርግጠኛ አይደለሁም። ጸሐፊያችን እባክዎን ይቁጠሩልን፤ ከሞላን ጉባኤው ተከፍቷል፣ ካልሞላን ደግሞ ስልኮቻችሁን አውጡና በአቅራቢያችን ላሉት እንደውል።