መዝገብ ላይ ኋለኛ፣ ስክሪን ላይ ፊተኛ፦ የሲንሃላው ኮምቡዋ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ስሪላንካ ነን። የመጣነው ለአንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ኮምቡዋ ይባላል። በሲንሃላ ፊደል «ኤ» የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ጣጣው ምንድን ነው? ሲነበብ ከተነባቢው በኋላ ነው፤ ሲጻፍ ግን በስተግራ፣ ከፊቱ ይቆማል።

ለኛ ይሄ ግር ይላል። ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ እያልን ስንወርድ እያንዳንዷ የራሷ ኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያውቃት ቁጥር አላት፤ ኬ 12ኤሲ ናት (ቁጥሩ በ16 መሠረት ስለሚጻፍ ነው ፊደል የገባበት)፣ አለቀ። ሲንሃላ ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ ያስቀምጣል። የሚገርመው፣ የኛም የሲንሃላም ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ) ውስጥ የገቡት በአንድ እትም ነው፤ በ3.0፣ በ1999 እ.ኤ.አ.።

እስቲ ሰርግ ቤት እንግባ። ምሳሌው ይረዝማል፣ ታገሡኝ። መዝገቡ ላይ መጀመሪያ ሙሽራው ይጻፋል፣ ቀጥሎ ሚዜው። አዳራሹ ሲከፈት ግን ሚዜው ቀድሞ ነው የሚገባው። ሙሽራው ተነባቢው ነው፤ ሚዜው ኮምቡዋ። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው መዝገቡን፣ ስክሪኑ የሚያሳያችሁ አገባቡን። መዝገብ ሌላ፣ አገባብ ሌላ!

«ኮ» ሲሆን ሚዜዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሙሽራው መሃል። «ካይ» ሲሆን ሁለቱም ከፊት ይሰለፋሉ። ሚዜው ያለ ሙሽራ ቢመጣስ? ባዶ ወንበር ይዞ ይገባል፤ ያቺ በነጠብጣብ የተሠራች ክብ እሷ ናት። (ክቧን ስታዩ «ፎንቱ ተበላሸ» የምትሉ፣ ፎንቱን አትሙት።)

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። «በስተግራ ከታየ ኮዱም ቀድሞ ነው፤ ዓይናችን እያየ ምን ያከራክራል?» የሚል በብዛት መጥቷል። ያከራክራል! ደግሞ ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የታይ ፊደል በእርግጥ እንዲያ ነው፣ በግራ የሚታየው አናባቢ ቀድሞ ይቀመጣል። ሲንሃላ ግን አይደለም። ያሳሳታችሁ ኪቦርዱ ይመስለኛል። ዊጄሴከራ የሚባለው አደራደር ከጽሕፈት መኪና የመጣ ስለሆነ በዓይን ቅደም ተከተል ነው የሚመታው። ለ«ኬ» መጀመሪያ ኤፍ ቁልፍ ላይ ያለውን ኮምቡዋ፣ ከዚያ ኤል ላይ ያለውን ተነባቢ ትጫናላችሁ። ለ«ኮ» ኤፍ፣ ኤል፣ ዲ። ፕሮግራሙ ኮምቡዋውን ይዞ ያቆይና ተነባቢው ሲመጣ ከኋላው ያስገባዋል። ካላስገባው ምን ይሆናል? የቃሉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ባዶው ወንበር ይወጣል። ቃሉ መሃል ላይ ከሆነ ይብሳል፤ ከሱ በፊት ያለውን ተነባቢ አጅቦ ቁጭ ይላል። የሰው ሚዜ ሆነ ማለት ነው፤ ክብ እንኳ አይወጣ፣ ማን ያስተውለዋል?

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ፣ ምክንያቱም ኮዱን ልሮጥበት ነው።

ተነባቢው 0ዲ9ኤ፣ ኮምቡዋ 0ዲዲ9። ለ«ኮ» ሁለቱን ሚዜዎች በአንድ ጥሪ ወረቀት የያዘ 0ዲዲሲ አለ፤ ወይም ኮምቡዋውን 0ዲዲ9ን እና ከኋላ የሚቆመውን ሚዜ 0ዲሲኤፍን ለየብቻ። ዩኒኮድ እኩል ናቸው ይላል። ባይት ለባይት የሚያወዳድር ፍለጋ ግን አያገናኛቸውም፤ በዩቲኤፍ-8 (ኮዱ ወደ ባይት በሚቀየርበት ዘዴ) «ኮ» አንዴ 6 ባይት፣ አንዴ 9 ባይት ነው። ስለዚህ ከማስቀመጥም ከመፈለግም በፊት በኤንኤፍሲ (እኩል የሆኑትን አጻጻፎች ወደ አንድ በሚያመጣው የዩኒኮድ ሥርዓት) አስተካክሉ፤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ኖርማላይዝ» የሚለው ፈንክሽን ይበቃል። ረጅሙ «ኮ» 0ዲዲ9፣ 0ዲሲኤፍ እና እዚህ የሚያስረዝመው ምልክት 0ዲሲኤ ተብሎ ተበትኖ ቢመጣ እንኳ ወደ 0ዲዲዲ ይሰበስበዋል።

ኤንኤፍሲ የማያድናችሁ «ካይ» ላይ ነው። ትክክለኛው ኮድ 0ዲዲቢ ነው። ሰው ግን ኮምቡዋን ሁለቴ ይመታና 0ዲዲ9፣ 0ዲዲ9 ይቀመጣል። አንዳንድ ፎንት ላይ ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ ለዩኒኮድ ግን ዝምድና የላቸውም፣ ኤንኤፍሲም እንዳሉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ኤንኤፍሲውን ስትጽፉ አጠገቡ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሁለት 0ዲዲ9 ተከታትለው ከተገኙ፣ በአንድ 0ዲዲቢ ይተኩ።