ሦስቱ በሮች፦ በኤቨረስት ሰፈር ከ5,300 ሜትር በላይ በእግር

(ምስል፦ ጨለማ። ግንባር ላይ የታሰሩ መብራቶች ተሰልፈው ዳገት ሲወጡ። የእርምጃና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል።)

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቦታው ቹኩንግ ይባላል። ኔፓል ውስጥ፣ ከኤቨረስት በስተደቡብ ያለች ጥቂት ሎጆች ብቻ ያሏት ሰፈር ናት። ከፍታዋ 4,730 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ብትቆሙ እንኳ ይህቺን ሰፈር ሽቅብ ነው የምታዩዋት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የዛሬው ጉዟቸው ገና ከዚህ መጀመሩ ነው።

ማንም አያወራም። ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ የለም። ከፊት የሚሄደው መሪ በጣም ዝግ ይላል። ጥምቀት ላይ ታቦት አጅቦ የሚሄድ ሰው እንኳ ከእሱ ይፈጥናል። ከኋላ ያለው ጎረምሳ ተጓዥ አላስችለው ብሎ ሊቀድመው ሲል፣ መሪው እጁን ዘርግቶ ያቆመዋል። «ቢስታሪ፣ ቢስታሪ» ይለዋል። በኔፓልኛ «ቀስ፣ ቀስ» ማለት ነው። የዚህ ጉዞ ነገር ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

(ምስል፦ ካርታ። ሦስት ነጥቦች ተራ በተራ ይበራሉ።)

እኛ ጣርማ በር እንደምንለው፣ የኤቨረስት አካባቢ ሰዎችም ተራራ ተሻግሮ ወደ ሌላ ሸለቆ የሚያሳልፈውን ቦታ ስም ሰጥተውታል። «ላ» ይሉታል። ኮንግማ ላ 5,535 ሜትር ነው። ቾ ላ 5,420። ሬንጆ ላ 5,360 ገደማ። ሦስቱንም አልፎ ዞሮ መመለስ ከ18 እስከ 21 ቀን ይፈጃል። በገመድ ገደል መውጣት የለበትም፤ ሁሉም በእግር ነው። ግን በእግር ከሚኬዱት መንገዶች ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው።

መነሻው ሉክላ ነው፣ 2,860 ሜትር ላይ። የኤርፖርቱ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ዳገት። አንደኛው ጫፉ ተራራ፣ ሌላኛው ገደል ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ያርፋል፣ ቁልቁል ይነሳል። ጉም ከወረደ በረራ የለም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ትርፍ ቀን ያዙ፤ አለበለዚያ ወደ አገር ቤት የሚመልሳችሁ በረራ ያመልጣችኋል።

ከሉክላ ናምቼ ባዛር ይደረሳል። 3,440 ሜትር ነው። ገበያ አለ፣ ዳቦ ቤት አለ፣ ቡናም አለ። እዚያ ሁለት ሌሊት ይታደራል። «እግሬ አልደከመም፣ ለምን እንቆማለን?» የሚለው ክርክር የሚጀመረውም እዚያው ነው።

(ምስል፦ የሰው ሳንባ ሥዕል፤ ከጎኑ ከፍታ የሚያሳይ መለኪያ።)

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባሕር ዳርቻም ሆነ ኮንግማ ላ ላይ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 5,500 ሜትር ላይ ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ግማሽ ይሆናል። አንድ ጊዜ ስትተነፍሱ የምታገኙት ኦክስጅንም ግማሽ ነው ማለት ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል። ከቀናት በኋላ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት መጨመር ይጀምራሉ። ይህን በጉልበት ማፋጠን አይቻልም። ሩጫ የለመደ ሰው እንኳ አያፋጥነውም። እንዲያውም ጠንካራው ሰው ቶሎ ስለሚሮጥ ቶሎ ይታመማል።

ለዚህ ነው ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም የሚባለው። በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ቦታ ይታደራል። ቀን ከፍ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ ለመኝታ ትወርዳላችሁ።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ምን እንሆናለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምሮ ነበር። ደማቸው ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ሆነ ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ደገኞች በሄሞግሎቢን ብዛት ይቋቋማሉ። የቲቤት ደገኞች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ፣ ዝቅ ባለ ኦክስጅን መኖር ችለዋል። የእኛዎቹ ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን ይህ እዚያ ተወልዶ እዚያ ያደገ የሰሜን ገበሬ ነገር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጥቂት ቢቀለው እንጂ፣ 5,000 ሜትር ላይ ከማንም እኩል ይቸገራል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ዓመታት የኖረማ ያቺንም ትንሽ ጥቅም አጥቷታል።

(ምስል፦ የሎጅ መኝታ ክፍል። መስኮቱ ላይ ውርጭ።)

ማታ ላይ አብሯችሁ የሚተኛው ሰው ትንፋሹ ድንገት ቀጥ ይላል። ከዚያ እንደሰመጠ ሰው በኃይል ይስባል። አትደንግጡ፣ ከፍታ ላይ የተለመደ ነው። ቀለል ያለ ራስ ምታትም ይጠበቃል። ራስ ምታቱ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላትና መድከም ከተጨመረበት ግን የከፍታ ሕመም ነው፤ እስኪለቅ ድረስ ወደ ላይ አንድ እርምጃ መሄድ የለም። ሰውየው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ መራመድ ካቃተው፣ አንጎሉ ማበጥ ጀምሯል። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ሳንባው ውኃ እየያዘ ነው። ሁለቱም ይገድላሉ። መድኃኒታቸው መውረድ ነው። እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ያኔውኑ። አሴታዞላማይድ የሚባል እንክብል ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ ያግዛል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩበት። ፌሪቼ የምትባል መንደር ውስጥ በተጓዥ ወቅት ፈቃደኛ ሐኪሞች የሚሠሩበት ክሊኒክ አለ። ከሰዓት በኋላ ስለ ከፍታ ሕመም ገለጻ ይሰጣሉ። መንገዳችሁ ላይ ከሆነ አትለፉት።

(ምስል፦ ንጋት። ኮንግማ ላ ጫፍ ላይ በነፋስ የሚርገበገቡ ባለቀለም የጸሎት ጨርቆች።)

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ከቹኩንግ ኮንግማ ላ ጫፍ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። በመሀል ሻይ ቤት የለም፤ ምግብም ውኃም ከጠዋቱ ይያዛል። ጫፉ ላይ ስትደርሱ የማካሉ ተራራ ይታያል፣ የአማ ዳብላም ተራራም ይታያል። ከሥር ትንንሽ ሐይቆች አሉ። ሰው ያለቅሳል እዚያ። ግን ቀኑ ገና ግማሽ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ከዚያ የኩምቡን የበረዶ ግግር ማቋረጥ አለ። ነጭ በረዶ እንዳይመስላችሁ። ላዩ በሙሉ ድንጋይና አሸዋ ነው፣ በረዶው ከሥር ነው። ይንቀሳቀሳል፣ መንገዱም አብሮ ይቀየራል። ማደሪያው ሎቡቼ ለመድረስ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅባቸው ብዙ ናቸው። ከሦስቱ ቀናት አንዱን ብቻ ፍሩ ብባል ይህንን ነው የምለው።

ከሎቡቼ ብዙዎች ጎራክሼፕን ረግጠው፣ የኤቨረስትን መነሻ ካምፕ አይተው ይመለሳሉ። ስለሱ ብዙ ስለተወራ አልፈዋለሁ።

ቾ ላ ሌላ ዓይነት ነው። ከድዞንግላ ተነስተው ሲወጡ ጫፉ አጠገብ እውነተኛ በረዶ ላይ ይኬዳል። ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ያስፈልጋል። ማዶው ደግሞ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩ የማይጸና ቁልቁለት ነው። ሌሊት ድንጋዩን በረዶ ይዞት ያድራል። ፀሐይ ስትሞቅ በረዶው ይለቃል፣ ድንጋዩ ይንከባለላል። መሪዎቹ በሌሊት የሚቀሰቅሷችሁ ለዚህ ነው። በማግስቱ ንጎዙምባ የሚባለውን የበረዶ ግግር ትሻገራላችሁ። 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ኔፓል ውስጥ ከእሱ የሚረዝም የለም። ባለፈው ዓመት የተኬደበት መንገድ ዘንድሮ ኩሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

(ምስል፦ መሪው ከሎጁ ደጅ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ።)

አሁን ስለ መሪው። ስልክ ላይ ካርታ አለ፣ መንገዱን ሰው በብዛት ይሄድበታል። ታዲያ መሪ ለምን? እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2014 በሌላ የኔፓል አካባቢ፣ በአናፑርና፣ ከሕንድ ባሕር ዳርቻ የተነሳ ዐውሎ ነፋስ ርዝራዥ ተራራው ላይ ከባድ በረዶ ጣለ። 5,416 ሜትር ያለው ቶሮንግ ላ አካባቢ ብዙ ሰው ነበር። በዚያ አደጋ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መሪዎችና ሸካሚዎችም ነበሩባቸው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ መሪ እንዴት ነው የሚለካው ብባል መልሴ አንድ ነው፦ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ሰማዩ ጥሩ እየመሰለው «እንሂድ» ሲል፣ «ዛሬ አንሄድም» ማለት የሚችል ነው። ማዶ ወዳለው ሎጅ ደውሎ ትናንት ማን እንዳለፈ ይጠይቃል። ፊታችሁን ያያል፣ ምን ያህል እንደበላችሁ ያያል። ጣት ላይ በሚቆነጠጠው መለኪያ ኦክስጅናችሁን ይለካል። ስለዚህ ስትዋዋሉ ትርፍ ቀን በጉዞው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ትርፍ ቀን ያልተሰጠው መሪ ሊያቆማችሁ አይችልም።

ብዙዎቹ መሪዎች ሼርፓ ናቸው። ሼርፓ የሥራ ስም አይደለም፣ የሕዝብ ስም ነው፤ «የምሥራቅ ሰዎች» ማለት ነው። ጓዝ ተሸካሚዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከታች ከቆላው የሚመጡ ራይና ታማንግ ናቸው። እነሱም እንደናንተ ለከፍታው እንግዳ ናቸው። ጭንቅላታቸው ይታመማል፣ ይበርዳቸዋል። ሥራ እንዳያጡ ብለው ደግሞ ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ፦ ሸካሚው ስንት ኪሎ ይሸከማል? ኢንሹራንስ አለው? ጫማና ጃኬቱ ለበረዶ ይሆናል? ማታ የት ነው የሚተኛው? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። መንገድ ላይም ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» በሉት፣ ፊቱንም እዩት። ገልፍ አገር የምትሠሩ ወገኖቼ ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ከኔፓሎች ጋር አንድ ክፍል አድራችሁ፣ አንድ ድስት በልታችሁ ይሆናል። ራቅ ካለ ቤተሰብ የተላከ ሰው ድካሙን እንዴት እንደሚደብቅ ታውቃላችሁ።

አጠራርም ተማሩ። በዕድሜ ከፍ ያለውን ወንድ «ዳይ» ትሉታላችሁ፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። የሎጇን ባለቤት ደግሞ «ዲዲ»፣ እንደ እትዬ ማለት ነው። በዚህ ብቻ የሚከፈት ፊት አለ።

(ምስል፦ የሎጅ ምግብ ቤት። መሀል ላይ የብረት ምድጃ።)

ማታ ሁሉም አንድ ምድጃ ይከባል። የሚነደው ያክ የሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ኩበት ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሽታውን ገና ከበር ይለየዋል። መኝታ ክፍሎቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ ውኃችሁንም የስልክ ባትሪያችሁንም የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ። የሚበላው ዳልባት ነው፣ ሩዝና ምስር። ይጨመርላችኋል። ጻምፓ ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ ትስቃላችሁ። የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በሻይ የተለወሰ ነው። በሶ ነው በቃ።

ወቅቱ በፈረንጆቹ ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ነው። ሄሊኮፕተርን የሚሸፍንና እስከ 6,000 ሜትር የሚሠራ ኢንሹራንስ ግዙ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ቪዛውን ካትማንዱ ኤርፖርት አገኛለሁ ብላችሁ አትነሱ፤ ቀድማችሁ ከኔፓል ኤምባሲ ጨርሱ።

(ምስል፦ ሬንጆ ላ ከላይ። ከሥር የጎክዮ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከሩቅ ኤቨረስት።)

ሬንጆ ላ የመጨረሻው ነው። ሐይቅ ዳር ካለችው ከጎክዮ መንደር ይወጣል። ሰውነታችሁ እዚህ ሲደርስ ከፍታውን ለምዷል። ወደ ኋላ ስትዞሩ ኤቨረስት፣ ሎትሴና ማካሉ በአንድ ረድፍ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ሐይቁ። ማዶ ያለው ቁልቁለት ላይ በድንጋይ የተነጠፈ ደረጃ አለ። ሰዎች በጀርባቸው ተሸክመው ያነጠፉት ነው።

ከታች ታሜ አለች፣ 3,800 ሜትር ላይ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ የቆመው ቴንዚንግ ኖርጌይ ልጅነቱን ያሳለፈባት መንደር ናት። ነሐሴ 2024 ከመንደሯ በላይ ያሉ ትንንሽ የበረዶ ሐይቆች ተደርምሰው ጎርፍ መጣ። ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቱንና ጤና ጣቢያውን ወሰደ። ቀን ስለነበር ሰው ሮጦ አመለጠ።

ብዙ ተጓዥ ከሬንጆ ላ እንደወረደ ታሜን እያየ አልፎ ናምቼ ይገባል። እናንተ እዚያ እደሩ። ድንችም ይቀቅሉላችኋል፣ የራሳቸው ማሳ ያፈራውን። የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው መንደር ይቀራል።