ከሱቁ በፊት ጓዳችንን እንይ

(ደሴ ላይ ለእድር አባላት የተዘጋጀ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ወሎዬ ፊት ቆሞ ስለ ጽዳት መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ቡና ሊፈላ ሲል ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ስኒው ታጥቦ ነው የሚጠብቀው። እኔም የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ እንጂ የማጽዳት ችሎታ ኖሮኝ አይደለም የተጋበዝኩት። ባለቤቴ ትመሰክራለች።

የምለው ነገር ይህ ነው። ለአብዛኛው የቤት እድፍ ጓዳችን ያለው ይበቃል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አመድ፣ ተራ ሳሙና። ግን የትኛው ለየትኛው እድፍ እንደሚሆን ካልለየን ልፋቱ ከንቱ ነው። አንዳንዴም ጉዳት አለው።

ውስጡ ነጭ ቅርፊት የያዘ ማንቆርቆሪያ ሁላችሁም ቤት አለ። ያ ቅርፊት ውኃው ውስጥ የነበረ የኖራ ዘር ነው። በሳሙና ብትፈገፍጉት ንቅንቅ አይልም። ኮምጣጣ ነገር ግን ያሟሟዋል። አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ ጨምሩና አሙቁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዚያ ደፍታችሁ አለቅልቁት፣ አንድ ጊዜ ንጹህ ውኃ አፍልታችሁ ድፉት፣ አለቀ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን አቼቶው አይድረስበት፣ ብረቱን ይበላዋል። ሊሾ ወለል ላይም አቼቶና ሎሚ አታፍስሱ፤ ሲሚንቶም ከኮምጣጣ ጋር አይስማማም።

ቅባት ሌላ ነው። ቅባትን የሚያሸንፈው የሎሚ ተቃራኒ ነው። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈገፍጉ በባዶ ሜዳ አልነበረም። የእንጨት አመድ ውኃ ሲነካው የሚያሙለጨልጭ ነገር ይወጣዋል፣ ቅባቱን ይዞ ይሄዳል። ሳሙናም ቢሆን በጥንት ዘመን ከቅባትና ከአመድ ውኃ ነበር የሚሠራው። ቤኪንግ ሶዳም በዚያው መንገድ ይሠራል፣ ለስለስ ይላል እንጂ። በዘይት የተለበጠ ምድጃ ላይ ሶዳውን በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በጨርቅ ጥረጉት። ለአሉሚኒየም ድስት ግን አመዱም ይቅር፣ ያጠቁረዋል።

እዚህ ላይ ቲክቶክ የሚያዩ ልጆቻችሁን ላስቀይም ነው። አቼቶና ሶዳ አንድ ላይ ሲደባለቁ እንዴት እንደሚፈላ አይታችኋል። ያምራል። ግን ሁለቱ እርስ በርስ ተጣፍተው የሚተርፋችሁ ጨዋማ ውኃ ነው። በየተራ ተጠቀሙባቸው።

አሁን ወደ እንዶድ። የዛሬ ልጆች ስሙን እንጂ አጠባውን አያውቁትም። የደረቀውን ፍሬ ትወቅጡታላችሁ፤ ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያስነጥሳል። ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያረፋል፣ ጋቢ ደህና አድርጎ ያነጣል። በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ አስተላላፊዎቹ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የተነሳው ምርምር በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ደስ ይላል። ግን ቀንድ አውጣ የገደለ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ከተክል የተለቀመ ሁሉ የዋህ አይደለም። ስለዚህ ወንዝ ዳር አትጠቡበት፤ ፍሬውንም ልጆች አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት አርቃችሁ አስቀምጡ።

ወንዝ ካልኩ አይቀር፣ ከኛ ቤት የተደፋው የት ይሄዳል? ቦርከና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ከሚሴና ጨፋ ወርዶ መጨረሻው አዋሽ ነው። በበጋ ጨፋ ላይ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። እኛ የደፋነው በረኪና እዚያ ሲደርስ ይሳሳል፣ እሱ እውነት ነው። የሁላችንም ሲጠራቀም ግን ቀላል አይደለም። የዱቄት ሳሙናም እፍኝ ሙሉ መጨመር ልብሱን የበለጠ አያነጣም፤ ውኃና ብር ነው የሚያስጨርሰው።

በረኪናን ግን ጨርሳችሁ ጣሉት አልልም። ቤት ውስጥ አተት የያዘው ሰው ካለ ሎሚና አቼቶ አያድኑንም። ያኔ በረኪና ነው ሥራው። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ይህችን ለቤት ሠራተኞቻችሁም ንገሩ። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሁሉም በላይ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ያለቀበት ያው ጋዝ ነው። የኛ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ መስኮትም የለው። ሽታው ካፈናችሁ ሁሉንም ትታችሁ ውጡ፣ በሩን ክፈቱ።

እጣን ነገር ላንሳ ወይስ ልተወው? እኔም እወዳለሁ፣ ያለ እጣን ቡና አይጥመኝም። ግን እጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ አያጸዳም። ከማጨሳችን በፊት ቆሻሻውን እናውጣ፣ ከዚያ ይጭስ።

እንግዲህ ወሬው ይብቃ። ግቢው ውስጥ ሦስት ቅርፊት የያዙ ማንቆርቆሪያዎችና አንድ ጥቀርሻ የያዘ የብረት ድስት ተቀምጠዋል፣ አቼቶውም አመዱም ተዘጋጅቷል። እትዬዎች አመዱን ያዙልን፣ ወንዶች ውኃ ቅዱ። ጓንት ያላችሁ አድርጉት፣ የአመድ ውኃ እጅ ይልጣል። ቡናውም አቦሉ ደርሷል መሰለኝ፣ እየጠጣን እንሥራ።