«እሺ ዶክተር» ብለው ወጡ፤ ግን ገብቷቸዋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በልብ ድካም ተኝታ ታክማ ባለፈው ሳምንት ወጣች። ስለ መድኃኒቷ ሲነግሯት «እሺ፣ እሺ» ስትል ነበር። ቤት ገብተን ስጠይቃት ግን የትኛው መቼ እንደሚዋጥ አታውቅም። መርሳት ጀመራት እንዴ? (አድማጭ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቶሎ ወደ መርሳት አትሂጂ። የእናቶቻችን «እሺ» አክብሮት ነው። ሐኪም ፊት «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ድፍረት ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈይድም። እኔ «እማማ፣ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ይቺን ኪኒን ቤት ሲገቡ እንዴት ነው የሚወስዷት?» እላለሁ። ፈተናው የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም።

አንዲት እናት እንዲህ ስጠይቃቸው ኪኒኗን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት» አሉኝ። ወረቀቱ 8:00 ይላል። ጸሐፊው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነበር! ከዚያ ወዲህ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ብዬ በአማርኛ ነው የምጽፈው።

አንቺም ዛሬ ማታ እንዲህ ጠይቂያቸው። ቤት ያለውን የመድኃኒት ፌስታልም አውጪው። ላሲክስና ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያሸናው ኪኒን) አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ስማቸው ስለሚለያይ ግን አሮጌውንም አዲሱንም ደርበው የሚውጡ ብዙ አዛውንቶች አይቻለሁ። ፌስታሉን እንዳለ ይዘሽ ለሐኪማቸው ወይም ለፋርማሲስት አሳዪ። ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ። በጥቂት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ግን እሱ ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጆሯቸው ከብዷል። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ እየጮኸች ስታስረዳቸው ክፍሉ ሙሉ ሰማ፤ እሳቸው አፍረው ዝም አሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በጣም ያሳዝናል። ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም። በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ ወፈር ባለ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ነው። ደግሞ ለልጃቸው ሳይሆን ለእሳቸው ይነገር። አባት አልጋው ላይ ተቀምጠው ሐኪሙ ከጭንቅላታቸው በላይ ከልጅ ጋር ሲያወራ ማየት ያመኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ሸክም ብቻህን አትሸከመው። እናት ስለ ሽንትና ስለ ሆድ ድርቀት በወንድ ልጇ አፍ መናገር ታፍራለች፤ ትተወዋለች። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። በስልክም ቢሆን አማርኛ የሚችል ይጠሩላችኋል። አንተ አጠገባቸው ቁጭ በል፤ ቀጠሯቸውንም በእኛ ቀንና ሰዓት ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍላቸው።