ሸሚዙን አስወልቁት
(የዓለም የቲቢ ቀንን ምክንያት በማድረግ ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ዘንድሮ ከእኛ ጋር በልምምድ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

መጋቢት 15 በመጣ ቁጥር የሮበርት ኮክ ስም ይነሳል። በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀበት ቀን ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለሚያስለው ሕመምተኛ አልናገርም፤ እሱን ታውቁታላችሁ፣ ፖስተሩም በየግድግዳው ተለጥፏል። የመጣሁት ቲቢው የሳንባውን ሽፋን ይዞበት «ጎኔን ወጋኝ» ብሎ መጥቶ «ብርድ ነው» ተብሎ ስለሚሸኘው ሰው ልነግራችሁ ነው።

አንዱን ላንሳ። መናኸሪያ ዕቃ እየጫነና እያወረደ የሚተዳደር ጎረምሳ ነው። ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል፤ አየር ሲስብ፣ ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ይብስበታል። እናቱ መጀመሪያ ፌጦ አጠጡት። ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄዶ ማስታገሻ ገዛ። ከዚያ ጤና ተቋም ሄደ፤ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ተወጋ፣ አሞክሳሲሊን ታዘዘለት፣ «ሸክም ቀንስ» ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ውጋቱ ለቀቀው። እናት ስለታቸውን አስገቡ።

ልብ በሉ! ውጋቱ የለቀቀው ስለዳነ አይደለም። የተቆጡት ሁለቱ የሳንባ ሽፋኖች (አንዱ ሳንባውን፣ ሌላው የደረትን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሱት) መፋተግ ያቆሙት መሀላቸው ፈሳሽ ገብቶ ስለለያያቸው ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ደረጃ መውጣት አቅቶታል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። ካርዱን አገላበጥኩት። የደም ግፊት ተጽፏል፣ ክብደት ተጽፏል፣ የደም ምርመራ ተያይዟል። ጀርባውን የነካ ሰው እንዳለ የምትናገር አንዲት መስመር ግን የለችም!

ሸሚዙን አስወልቄ ጀርባውን በጣቴ አንኳኳሁት። ላይኛው ክፍል አየር እንዳለበት ይሰማል፤ ታች ቀኙ ድፍን ነው። ማዳመጫውን ሳሳርፍበት የትንፋሽ ድምፅ የለም። ይህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስንት ብር ያስወጣል? መብራት ሲጠፋስ ይቋረጣል? ዘዴውን ኦስትሪያዊው ሐኪም አውንብሩገር በ1761 እ.ኤ.አ. ጽፎ አስቀምጦልናል። ጋኑን አንኳኩቶ ጠላው የት ድረስ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ ተወልደን ይህ እንዴት ይከብደናል?

በመርፌ ስንቀዳው ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ሕዋሶቹም በብዛት ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ናቸው፤ ይህ ቲቢን ያስጠረጥራል። «የአክታው ጂን ኤክስፐርት ነጻ ነው እኮ» ያለኝ ነበር፤ የቲቢን ባክቴሪያ ዘረመል የሚፈልገውን ምርመራ ማለቱ ነው። ነጻ ቢሆንስ! የሳንባ ሽፋን ቲቢ ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ነው፤ ፈሳሹን ያመጣው በአብዛኛው የሰውነት መከላከያ ቁጣ ነው። አክታ ቀርቶ ፈሳሹ ራሱ ተመርምሮ ነጻ ሊል ይችላል። ከተቻለ ከሽፋኑ ናሙና ይወሰዳል፤ ካልተቻለ ታሪኩ፣ ፈሳሹና ራጁ አንድ ላይ ተነበው ይወሰናል። ኤችአይቪም ይመረመራል። ልጁ የ6 ወር መድኃኒቱን ጨርሶ መናኸሪያው ተመልሷል።

ሽፋኑ የተቆጣ ሁሉ ቲቢ ነው አላልኩም። ቫይረስ አለ፣ የሳንባ ምች አለ፣ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም) አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሆኖ ፈሳሹ ደም የቀላቀለ ከሆነ ካንሰርን አስቡ። መግል ከወጣ ቱቦ ይገባል፤ በኪኒን ብቻ አይሆንም። አራስ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እግሩ ያበጠ ሰው ድንገት ውጋትና ትንፋሽ ማጠር ከጀመረው ደግሞ ሳንባው ውስጥ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ላኩት፤ ነገ ተመለስ አይባልም!

ራጅን በተመለከተ፤ ቆሞ ሲነሳም ፈሳሹ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ ሊያመልጠን ይችላል። አልትራሳውንድ ከዚያ ያነሰውን ያሳያል።

ወደ አስተዳደሩ ልምጣ። የእኛ አልትራሳውንድ ከሥራ ሰዓት በኋላ ተቆልፎበት ያድራል። ሌሊት ለመጣ ሰው መርፌውን የት እንደምናስገባ የሚያሳየን እሱ ስለሆነ ቁልፉ ለተረኛው ሐኪም ይሰጥ ብለን ደብዳቤ ጽፈናል። መልሱን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት፣ ሁሉም ባለበት፣ እዚሁ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

አመሰግናለሁ።