ባቡሩ ቢቀር ቀጣዩ መቼ ይደርሳል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራው ደግሞ ባቡር ጣቢያ ባለው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡሩና በበረራው መካከል ስለምንተወው ጊዜ ነው። ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝ “ሦስት ሰዓት ይበቃል?” ብለው ነው። እኔ ግን ስለ ሰዓቱ ብዛት ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፦ ባቡሩ ቢቀር ቀጣዩ መቼ ይደርሳል?

በረራው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው እንበል። ብዙ አየር መንገዶች ለረጅም በረራ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድመው ነው። ስለዚህ ቀጠሮው 9 ሰዓት ነው ማለት ነው። 7 ሰዓት ላይ የሚያደርስ ባቡር አገኘን። መስመሩ በየሰዓቱ ባቡር ካለው እኔም እሳፈርበታለሁ፤ ቢሰረዝ የ8 ሰዓቱ አለልኝ። በየሁለት ሰዓቱ ከሆነ ግን ቀጣዩ የሚደርሰው ልክ የሻንጣ መቀበያው መስኮት ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ ሳላመነታ 5 ሰዓት የሚደርሰውን እመርጣለሁ። አዎ፣ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ያሰለቻል። መሰልቸት ግን አዲስ የበረራ ቲኬት አያስገዛም።

ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ከየት አመጣኸው ለምትሉ፣ ጀርመንን እዩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከጀርመኑ የባቡር ድርጅት ከዶይቸ ባን የርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶው ናቸው። እዚያ ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየ ባቡር እንደ ዘገየ አይቆጠርም፤ ጭራሹን የተሰረዘውም በሒሳቡ ውስጥ የለም። መንገደኛው ግን የተሰረዘውንም ባቡር ቆሞ ጠብቆታል!

ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ፣ በመካከል ለሚፈጠረው ክፍተት ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ባቡሩንና በረራውን ለየብቻ ከገዛችሁ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባቡር 60 ደቂቃ ሲዘገይ ከቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ሲዘገይ 50 በመቶ ይካሳል። ይህ የባቡሩ ዋጋ ነው፤ ያመለጠው በረራ አይነካውም። የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ ከዶይቸ ባን ጋር በሚያቀርበው ኤክስፕረስ ሬይል ግን ባቡሩ ራሱ የበረራ ቁጥር አለው፤ በእሱ መዘግየት በረራው ቢያመልጣችሁ ሌላ መቀመጫ መፈለግ የአየር መንገዱ ሥራ ይሆናል። ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ ወደዚህ አደላለሁ። ሬይል ኤንድ ፍላይ የሚባለው፣ ከበረራው ጋር የሚያዝ የባቡር ቲኬት፣ ሌላ ነው፤ ከአንድ ባቡር ጋር አያስራችሁም፣ በሰዓቱ የመድረሱ ጣጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተጓዡ ራስ አይወርድም።

ስናርፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን የሚያመልጠን ባቡር ነው፤ ባቡር ደግሞ ከአውሮፕላን ይረክሳል። ስለዚህ እዚህ ላይ መድፈር ይቻላል፣ በርካሹ ቲኬት ካልታሰርን። ሽፓርፕራይስ የሚባለው የጀርመን ቅናሽ ቲኬት ለአንድ ባቡር ብቻ ነው የሚሠራው። ባቡሩ ራሱ ሲዘገይ እስሩ ሊነሳ ይችላል፤ አውሮፕላናችሁ ቢዘገይ ግን አይነሳም። ለዚህ ነው ለመልስ ጉዞ ውድ ቢሆንም ፍሌክስፕራይስን የምመርጠው፤ በዚያው ቀን የመጣውን ባቡር መያዝ ያስችላል።

አውሮፕላኑ መሬት ነካ ማለት እናንተ ጣቢያ ደረሳችሁ ማለትም አይደለም። የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ እግር መንገድ አለ። ፍራንክፈርት ሁለት ጣቢያዎች አሉት፦ የአካባቢው ባቡሮች ጣቢያ ከተርሚናል 1 ሥር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የተከፈተው የርቀት ባቡሮች ጣቢያ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በመሻገሪያ ይያያዛል። ከተርሚናል 1 ውጪ ያረፈ ሰው ደግሞ መጀመሪያ በማመላለሻ መሻገር አለበት።

ማታ የምታርፉ ከሆነ የበረራውን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እዩ። ካረፋችሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚነሳ ከሆነ እኔ ብሆን እዚያው ሆቴል ይዤ ጠዋት እጓዛለሁ። በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።